የኮከብ አበባው ተክልና የስሙ ታሪክ



ከመካከላችን ቁልቋልንና ሬትን የማያውቅ የለም። ዛሬ የምናገርለት ተክል እንደ እነርሱ በሰውነቱ ውሃ የሚያከማች ነው፤ መልኩ ግን የተለየ ነው። ቅጠል የለውም። ግንዱ እንደ ጣት የወፈረና ጥርስ ያወጣ ሲሆን፥ ከዚሁ ግንድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የመሰለ አበባ ይፈነዳል። አበባው ብጫ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት፤ ሽታው ግን የጥንብ ነው። የአትክልት ወዳጆች ለብዙ ዘመን ስታፔሊያ ሲሉት ኖረዋል። የስሙ ታሪክ ከአበባው ይልቅ የሚያስገርም ስለ ሆነ ጥቂት ልናገርበት አስቤአለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በ1624 ዓ.ም. ዩስቱስ ሄውርኒዩስ የተባለ ሆላንዳዊ የወንጌል ሰባኪ፥ ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ወደ ባታቪያ ሲጓዝ በደቡብ አፍሪቃ ጫፍ በኬፕ ዐረፈ። ሕክምና የተማረ ሰው ነበርና በዚያ ያያቸውን ጥቂት ዕፀዋት ሥሎ ወደ አገሩ ላከ። ሥዕሎቹም ከአምስተርዳሙ ሐኪም ከቦዴዎስ ፋን ስታፔል እጅ ገቡ። እርሱም የጥንቱን ግሪካዊ የቴኦፍራስቶስን የዕፀዋት መጽሐፍ ከነማብራሪያው ያዘጋጅ ነበርና በዚያ ጨመራቸው፤ መጽሐፉ የታተመው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በ1644 ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ በ1737 ለተክሉ ወገን ስም ሲያወጣ ስታፔሊያ አለው።

እንግዲህ ባሕር አቋርጦ ተክሉን ያየው አንዱ፥ ስሙ የተጠራለት ሌላው ሆነ። በመሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገለ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በፍጹም እንግዳ ነው አይለውም።

በ1810 ሮበርት ብራውን የተባለው የስኮትላንድ ሰው ለሄውርኒዩስ መታሰቢያ ይሆነው ዘንድ የዚህን ተክል የቅርብ ዘመድ በስሙ ሰየመ። ነገር ግን በላቲኑ አጻጻፍ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋወጡና ስሙ ሁዌርኒያ ሆኖ ታተመ፤ እስከ ዛሬም እንደ ተዛነፈ ይጻፋል። ከሁዌርኒያ ወገን በአገራችንም የሚበቅል አለ። ሄውርኒዩስ የሣለው ተክል ራሱ ደግሞ ዛሬ በሊቃውንቱ ዘንድ ኦርቤያ ይባላል፤ የሐኪሙ ስም ለዘመዶቹ ቀርቷል።

እነዚህ ተክሎች በወረቀት መካከል ተጭነው ሲደርቁ መልካቸው ይጠፋልና፥ የሚታወቁት ተተክለው ሲታዩ ነው። በለንደን ካለው የኪው አትክልት ቦታ የተላከው ፍራንሲስ ማሶን በኬፕ በራሱ ግቢ እያበቀለ ሣላቸው፤ መጽሐፉም በ1796 እና በ1797 ታተመ።

በቤት ማሳደጉ አያስቸግርም። የተቆረጠው ግንድ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ይቈይና፥ ከሥሩ በተበሳ የሸክላ ማሰሮ፥ አሸዋ በበዛበት አፈር ይተከላል። ውሃ የሚጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። በክረምት ከጣራ ሥር ይቀመጥ። እኔ የመጀመሪያውን ተክሌን የገደልሁት በየቀኑ በማጠጣት ነው፤ ግንዱ ከሥሩ በሰበሰ።

አበባው ሲፈነዳ ዝንቦች ሥጋ መስሏቸው ይሰበሰባሉ፤ እየዞሩም ዘሩን የሚያስይዘውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን ይጥሉበታል፤ የተፈለፈለው ትል ግን የሚበላው አጥቶ ይሞታል። በእነዚያ ቀናት ማሰሮውን ከእንግዳ መቀበያው አውጥቶ በበረንዳው ዳር ማኖር ይሻላል።