ካምቢዮ፣ ዘይት እና አንድ ያልበሰለ ትርጉም

«ይኼ ‹ራስ-ሰር ማስተላለፊያ ፈሳሽ› የሚሉት ነገር ምንድን ነው የሚያስተላልፈው?» ብለው ጠየቁኝ አንድ ትልቅ ሰው፣ ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው። ቦታው ፍራንክፈርት ነው፤ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በስተደቡብ፣ ማይን ወንዝ ዳር ባለው በጉትሎይትፊርቴል። ከአሮጌ ሼቭሮሌት ፒክአፓቸው አጠገብ ቆመናል። ጋራዡ የሰጣቸውን የጀርመንኛ ወረቀት በስልካቸው ወደ አማርኛ ሲመልሱት የወጣው ይህ ነው። እኚህ ሰው አገር ቤት ሳሉ ዘመናቸውን በጭነት መኪና ላይ ያሳለፉ፣ ካምቢዮ በገዛ እጃቸው አውርደው የሰቀሉ ናቸው።

«ጋሼ፣ የካምቢዮ ዘይት ይቀየር ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ታዲያ እንደሱ አይሉም?»

የእሳቸው ጥያቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ። ቃሉን ከስልክ ውጭም፣ በመኪና መመሪያ ትርጉሞችና በቪዲዮ መግለጫዎች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሥር ሳይሰድ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል።

ሦስቱን ቃላት ለየብቻ ካየናቸው አንዳቸውም ነውር የለባቸውም። «ራስ-ሰር» ደንበኛ የአማርኛ አሠራር ነው፤ «ሰማይ ጠቀስ»፣ «አገር በቀል» በተሠሩበት መንገድ የተሠራ፣ በኮምፒውተር ሥራ ውስጥ ቦታውን ያገኘ ቃል። «ማስተላለፊያ» ከ«ዐለፈ» የወጣ ነው። ግን አማርኛ ተናጋሪ የሚያስተላልፈው ምንድን ነው? መልእክት፣ ገንዘብ፣ ንብረት፣ በሽታ። ቀጠሮም ይተላለፋል። «የኃይል ማስተላለፊያ» ቢባል እንኳ በአእምሮ የሚመጣው በየተራራው የተተከለው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። «ፈሳሽ» ደግሞ ውሃም፣ ቤንዚንም፣ የመስታወት ማጠቢያም ነው። ሦስቱ ጤነኛ ቃላት ተሰልፈው የቆሙት በአማርኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛው «አውቶማቲክ ትራንስሚሽን ፍሉይድ» ሰልፍ ነው። ቃላቱ የእኛ ስለሆኑ ብቻ ሐረጉ አማርኛ አይሆንም።

የቆምንበት ሰፈር ስም ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። «ጉትሎይት» ማለት ቃል በቃል «ጥሩ ሰዎች» ነው። «ፊርቴል» ደግሞ አንድ አራተኛ፣ ሩብ። ቃል በቃል የሚመልስ ሰው «የጥሩ ሰዎች ሩብ» ብሎ ያርፋል። በመካከለኛው ዘመን ግን «ጥሩ ሰዎች» የተባሉት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ፤ ከከተማው ውጭ የተሠራላቸው መጠለያ ነው ስሙን ለሰፈሩ የሰጠው። «ፊርቴል»ም እዚህ «ሰፈር» ነው፤ ሩብ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ዘነበወርቅን ያስታውስ፤ እዚያም ሰፈሩ የተጠራው በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ስም ነው። እንዲህ ያለውን ስም ክፍልፋዩን በመቁጠር አይደርሱበትም።

ወደ ካምቢዮ እንመለስ። ቃሉ የጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ለውጥ»፣ «ምንዛሬ»። የጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበር፤ ወራሪው ሲወጣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ፤ ከፈረንሳይኛው ፍሬን ጋርም ጎረቤት ሆኑ። «የወራሪ ቃል ይውጣልን» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ስሜታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ካምቢዮን አማርኛ ያደረገው ወራሪው ሳይሆን የኢትዮጵያ መካኒክ ነው። ካምቢዮው፣ ካምቢዮዬ፣ የካምቢዮ ቤት እያለ በእኛ ሰዋስው ገራው። ጀርመኑ ካምቢዮን የሚጠራበት «ጌትሪበ» የሚለው ቃል «ትራይበን» ከሚል ግስ የመጣ ነው፤ ከብት መንዳት ማለት ነው። እኛም በሬውንም መኪናውንም እንነዳለን፤ ስለዚህ «መንጃ» የሚል ቃል ማውጣት ይቻል ነበር። (ነዳጅ ግን ከዚህ ቤት አይደለም፤ የእሱ ግስ «ነደደ» ነው።) ይቻል ነበር፣ ግን ካምቢዮ ቀድሞ ቤቱን ሠርቷል።

የበለጠ የምከራከረው ግን ለ«ዘይት» ነው። «ፈሳሽ» ይባል የሚሉት አንድ ምክንያት አላቸው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከማለስለስ በላይ ይሠራል። ሁለት ነፋስ ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ብናቆምና አንዱን ብቻ ብናበራ፣ የዚያ ነፋስ ሌላውን ያዞረዋል። በካምቢዮው አፍ ላይ በነፋስ ፈንታ ዘይት ሆኖ ይኸው ይደገማል። ሐሳቡን የጀርመኑ መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 በባለቤትነት ያስመዘገበው ለመርከብ ነበር። ያው ዘይት በግፊቱ ማርሽ ይቀይራል፣ ሙቀትም ያወጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ነገሩ ዘይትነቱን አይለቅም። ጀርመኖች የፍሬኑን «ፈሳሽ»፣ የካምቢዮውን «ዘይት» ይላሉ። እኛ እንዲያውም ዘይት ያልሆነውን «የፍሬን ዘይት» ስንል ኖረናል፤ ዘይት የሆነውን ዘይት ከማለት ምን ከለከለን? ቃሉም ጥንታዊ ነው፤ ወይራን ያስታውሳል፤ ደብረ ዘይት የምንለው ስለዚሁ ነው። የጣልያንኛው «ኦሊዮ» እና የጀርመንኛው «ኧል»ም ሥራቸው ያው ወይራ ነው።

ክርክሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። «ፈሳሽ» ተብሎ የተነገረው ሰው በስህተት የፍሬን ዘይት ካምቢዮ ውስጥ ቢጨምር ጎማ ማሸጊያዎቹ ያብጡና ይበላሻሉ፤ ካምቢዮው ይሞታል። በዚሁ ምክንያት «የካምቢዮ ዘይት» ብቻውን አይበቃም፤ በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ወፍራሙን ዘይት ነውና። «ራስ-ቀያሪ ካምቢዮ» የሚለውን ወድጄው ነበር፤ ግን ጋራዥ ውስጥ አውቶማቲክ እያለ የሚናገርን ሰው የሚያደናግር አዲስ ቃል መጫን ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ምርጫዬ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው «ደክስሮን» እና የመሳሰለው ስም እንዳለ ይቆይ፤ መለያ እንጂ ቃል አይደለም፤ አይተረጎምም።

አንድ ሌላ ቃልም አለ። አሮጌ መኪና ላይ ከሥር ክዳኑን ፈትተው ሲያፈሱት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ዘይት እየገፋ አሮጌውን እንዲያስወጣ ማሽን የሚገጥሙ አሉ። ይህን «ካምቢዮ ማጠብ» ሲሉት ሰው ውሃ ይታየዋል። «በአዲስ ዘይት ማለቅለቅ» ቢባልስ? ጀርመንኛውም ቃል ሳህን የሚለቀለቅበት ያው ቃል ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ፣ ይህ ሁሉ ለአላፊ ነገር ነው የሚል ይኖራል። እኔ ተቃራኒውን አያለሁ፤ ያሉት መኪኖች እያረጁ ረጅም ጊዜ ይነዳሉ፣ ያረጀ ካምቢዮ ደግሞ ዘይቱን በስሙ የሚጠራ ሰው ይፈልጋል።

ጋሼ ያን ዕለት ከኮፈኑ ሥር ወረቀት ለጥፈው በወፍራም እስክሪብቶ እንዲህ ጻፉ፦ «የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ደክስሮን። ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ ይለካ።» መመሪያ የምትተረጉሙ፣ ጠርሙስ ላይ የምትጽፉ፣ ቪዲዮ የምታዘጋጁ ሁሉ፦ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ መካኒክ ጠይቁ።