ካሴት ያስቀዱ ሰዎች

ኦበርን ከሲያትል በስተደቡብ፣ በግሪንና በኋይት ወንዞች ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ባቡር አሳደጋት፤ ጃፓናውያን ስደተኞች ለም መሬቷን አርሰው ኖሩባት፤ የመክልሹት ነባር ሕዝብ ደግሞ ዛሬም እዚያው በአያቶቹ ምድር ላይ አለ። ሙዚቃ ወዳዶች የሚያውቋት በሁለት ነገር ነው። አንዱ መክልሹቶች ያሠሩትና በ2003 የተከፈተው ኋይት ሪቨር አምፊቲያትር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በበጋ ምሽት ከ15 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ዝነኞቹ የሮክና የራፕ ዘፋኞች ይመጡበታል። ሁለተኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ የግሪን ሪቨር ኮሌጅ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት ኬጂአርጂ 89.9 ኤፍኤም። እዚያ አንድ ተማሪ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጥና የወደደውን ሮክ ለማያውቃቸው ሰዎች ያሰማል።

ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የተማሪዎቹ ጣቢያ ነው። የእኛ የኢትዮጵያውያንም ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው የተጓዘው እንዲሁ፣ አንድ ሰው የወደደውን ለሌላው እያሰማ ነውና። ታሪኩ ሲጻፍ ስለ ዘፋኞች፣ ስለ ክቡር ዘበኛና ስለ ፖሊስ ኦርኬስትራ ብዙ ይባላል። ስለ አድማጩ ግን የሚባል ጥቂት ነው። አድማጩ ባይኖር ከዚያ ሙዚቃ ግማሹ ዛሬ አይገኝም ነበር።

የመጀመሪያው ሸክላችን ራሱ የስደት ልጅ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ግራማፎን በዚያን ዘመን የመኳንንትና የባለጸጋ ዕቃ ስለነበር፣ ዘፈኑን የሚሰማው በየቤቱ የሚጋበዘው እንግዳ ብቻ ነበር። ከዚያ በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ።

ያንን አጥር የጣሰው ሙዚቀኛ አልነበረም። አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ፣ ሙዚቃ ከመውደድ በቀር ሌላ መሣሪያ ያልነበረው ወጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሃራምቤ የተባለ ሙዚቃ ቤት ከፈተ። መደርደሪያው ላይ የአሜሪካ ሶል፣ የሱዳን፣ የኬንያ፣ የሕንድ ሸክላ ጎን ለጎን ነበር። የሚገዛው ወጣት የራሱን አገር ዘመናዊ ዘፈን በሸክላ ሲያጣ አምሃ አየና በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። ሕጉን እያወቀ ነው ያደረገው፤ ሸክላው ግን በቀናት ተቸበቸበ፤ የከለከለውም አልነበረም። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ ከመቶ በላይ ባለሁለት ገጽ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን የምንለው ዋናው ክፍል ያ ነው። እኔ በበኩሌ ከዘፋኞቹ እኩል ስሙ ሊጠራ ይገባዋል እላለሁ።

ያ ትውልድ ምን ይሰማ እንደነበር ማየት የሙዚቃውን መልክ ይገልጣል። አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቃኘው የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ሶሉም ጃዙም ሮኩም ከዚያ ይወጣል። በ1962 መግባት የጀመሩት የሰላም ጓድ መምህራን ሸክላቸውን ይዘው ገቡ፤ ለተማሪዎቻቸውም አሰሙ። ጎንደርና መተማ አካባቢ የኦምዱርማን ሬዲዮ ስለሚደርስ የሱዳን ዜማ የቤት ዜማ ያህል ይታወቅ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ ኤልቪስን እየሰማ አደገ፤ የፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶም ያንን ጩኸት በአማርኛ አወጣው። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስና ለንደን ተምሮ፣ ቦስተንና ኒውዮርክ ላይ የላቲን ሙዚቃ ሰምቶ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አዋሐደ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ ሥራውን አሰማው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚያውቅ ጆሮ ሌላውን ቢሰማም የራሱን አልጣለም። ሌላውን ዘፈን ወደ ራሱ ቅኝት ጎተተው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ታወጀ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት የመጣ እንግዳ እላፊው ካለፈበት እስኪነጋ ድረስ እዚያው አዳራሽ ያድራል፤ ሙዚቀኞቹም አብረውት። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላ ማሳተሙ ቀረ፤ ሰባዎቹ ሲያልቁ ቦታውን ካሴት ወሰደው።

ካሴት ላይ ቆም ልበል፤ የአድማጩ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ እዚህ ነውና። ሸክላን ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያባዛው አይችልም፤ ካሴትን ግን ይችላል። ባዶ ካሴት ገዝተህ ሙዚቃ ቤት ትሄዳለህ፤ የምትፈልገውን ዘፈን በወረቀት ጽፈህ ትሰጣለህ፤ ባለሙዚቃ ቤቱ ይቀዳልሃል። ወይም ጓደኛህ ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይቀዳልሃል። አንዱ ገጽ ጥላሁን ገሠሠ፣ ሌላው ገጽ ሱዳናዊው መሐመድ ወርዲ፤ ቦታ ከተረፈ ከመጨረሻው ላይ የሕንድ ፊልም ዘፈን ወይም ጂም ሪቭስ። ክሩ ሲወጣ በእርሳስ ይጠነጠናል። ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈው ስም ዘፋኙን ብቻ አይነግርም፤ መራጩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ለማን እንደቀዳው ይነግራል። አንድ ልጅ ለወደዳት ልጅ ያስቀዳው ካሴት ከደብዳቤው ይበልጥ ይታመን ነበር።

መንገደኛ ወደ ውጭ ሲወጣ ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ ከሥራቸው ካሴት ይኖራል። አንዳንዱ ላይ ዘፈን ሲያልቅ የእናት ድምፅ ተቀድቷል፤ ሰላምታ፣ የጎረቤት ወሬ፣ ምርቃት። በደርግ ዘመን በእግር ሱዳን የገቡት ወገኖቻችን ደግሞ ካርቱምና ገዳሪፍ ላይ ዓመታት ሲጠብቁ የወርዲን ዜማ የራሳቸው አደረጉት። አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሲያትል ደረሱ። የዛሬው የሲያትል ኢትዮጵያዊ ሠርግ ላይ የሱዳን ዘፈን ሲነሣ አዳራሹ ለምን እንደሚነቃነቅ ለወጣቶቹ የሚያስረዳው ይህ ነው።

መቅዳት ጉዳት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። አርቲስቱ ያጣው ገንዘብ ትንሽ አልነበረም፤ አገሪቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው በ2004 ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር የተረፈልን በቀዳው ሰው እጅ ነው።

ይህን የሚያስረዱ ሁለት ታሪኮች አሉ። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ፖይቲየ ከተማ ውስጥ የሙዚቃ ዝግጅት አስተባባሪ ነበር። አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ይዞ መጣ፤ «ኧረ መላ መላ» ነው። ፋልሴቶ ሰምቶ ማመን አቃተው። ምን እንደሆነ ለማወቅ በካሴት እየቀዳ ለሚያውቃቸው ጋዜጠኞችና የሬዲዮ ሰዎች ላከ፤ አንድም ሰው ሊነግረው አልቻለም። በዓመቱ ራሱ አዲስ አበባ ሄደ። አልበሙ በ1986 ብራስልስ ላይ ዳግም ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ዕትም ተጀመረና 30 ቅጽ ደረሰ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ባስገባ ጊዜ ዓለም አዲስ ግኝት መሰለው። ነገሩ የጀመረው ግን ለወዳጆቹ ካሴት ከቀዳ አንድ አድማጭ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ባሕር ዳር ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እዚያ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ የኃይሉ መርጊያን ካሴት አገኘ። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረ፣ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረ ሰው ነው። በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ አኮርዲዮንን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖንና የከበሮ ማሽንን ብቻውን አዋሕዶ የቀረፀው ሥራ ነው ባሕር ዳር የተገኘው። ሺምኮቪትዝ አፈላልጎ ደወለለት። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመዳል። ካሴቱ በ2013 ዳግም ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ዋሽንግተን ዲሲ የተሠራውን ሙዚቃ ጠብቆ ያቆየው የባሕር ዳር መደርደሪያ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን እፈልጋለሁ?

ከኦበርን ብዙም በማይርቀው ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያም ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በሰልፍ ሲጠብቁ ከመኪና ወደ መኪና ምን እየሰማህ ነው መባባል የዕለት ወግ ነው። መጀመሪያ ሲያትል መሐል፣ ቼሪ ጎዳናና ሬኒየር አቬኒው አካባቢ የሰፈረው ማኅበረሰብ የቤት ኪራይ እየናረ ሲሄድ ወደ ሬንተን፣ ኬንትና ኦበርን ወረደ። ያ የመጀመሪያው ሠፈር ራሱ የሙዚቃ ሠፈር ነበር፤ ክዊንሲ ጆንስና ጂሚ ሄንድሪክስ የተማሩበት ጋርፊልድ ትምህርት ቤት እዚያው ነው። ሄንድሪክስ የተቀበረውም ሬንተን ነው።

ሲያትል ለእንግዳ ድምፅ ጆሮዋን ያልነፈገች ከተማ ናት። በ1972 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ሬዲዮ ዛሬ ኬኢኤክስፒ 90.3 ሆኖ በዓለም ዙሪያ ይደመጣል፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ደቡብ ሲያትል ያደገው ኢትዮጵያ-አሜሪካዊ ራፐር ገብርኤል ቴዎድሮስ ነው። ገብርኤል በ2007 «ላቭወርክ» የተባለ አልበም አወጣ፤ በ2012 ደግሞ ከመክሊት ሀደሮና ከበርንትፌስ ጋር ኮፐርዋየር በሚል ስም የሕዋ ጉዞ ታሪክ የሚተርክ ሂፕ ሆፕ ሠራ። ወላጆቹ በካሴት የቀዱትን የሚያውቅ፣ ራፕንም የሚያውቅ ልጅ ሁለቱን ሲያገናኝ የሚሆነው ይህ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድር በ2017 ሲያትል ሲደረግም፣ ከኳሱ እኩል ሰው የሚሰባሰበው ሙዚቃው ጋ ነበር። የዚያ ዓመት የሁሉ ጆሮ በቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» ላይ ነበር፤ አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ነበርና።

ዛሬ ልጆቻችን ዘ ዊክንድን ይሰማሉ። በ2016 «ፎልስ አላርም» የሚለው ዘፈኑ ውስጥ የአስቴር አወቀ ድምፅ አለ፤ ብዙ ልጅ ያንን ድምፅ እናቱ ስታበስል ከምትሰማው ጋር አንድ መሆኑን አያውቅም። ልጁ የራሱን ዘፈን ለእናቱ፣ እናቱ የራሷን ካሴት ለልጇ ቢያሰሙ አንድ ምሽት ይበቃቸዋል።

የሚያሳስበኝ ካሴቱ ነው። በኦበርንና በኬንት ጋራዦች ውስጥ ያለው ሳጥን ዝነኞቹን ብቻ አልያዘም። የትም ያልታተመ የአዝማሪ ምሽት፣ የሠርግ ቅጂ፣ የሰንበት መዝሙር፣ ከጎንደርና ከወሎ በመንገደኛ የተላከ ማሲንቆ አለበት። የካሴት ክር ዘላለማዊ አይደለም፤ የዋሽንግተን ግዛት እርጥበት ደግሞ ያሻግተዋል።

ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ወገኖች፣ ሳጥኑን ከጋራዥ ወደ ቤት አስገቡት። ደህና የሚሠራ ቴፕ ፈልጉ፤ ጭንቅላቱን በአልኮል አጽዱ፤ ወደ ኮምፒውተር ስትቀዱ ሳይጨመቅ በሙሉ ጥራቱ አስቀምጡት። የሽፋኑን ፎቶ በሁለቱም ገጽ አንሡ። ማን እንደቀዳው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ የት ከተማ፣ ለማን እንደተላከ ጻፉበት። ይህን ሊነግሯችሁ የሚችሉት አባቶችና እናቶች ዛሬ አሉ፤ በዚህ ሳምንት ጠይቋቸው።