ቱርቦ፦ ከፍታ የወሰደውን ማስመለሻ

«ግፊቱን ትንሽ ጨምርልኝ!» የሚለው ጥያቄ ለዓለም ገና መካኒክ አዲስ አይደለም። መልሱን ለማወቅ ግን ታሪኩን ማየት ይጠቅማል።

በከንቱ በሚወጣው ጭስ ጉልበት ለሞተር አየር የመግፋትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ወደሚረዝመው ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ቱርቦው ከፍታ የወሰደውን መለሰ።

ዓለም ገናም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ ያልነበራቸው የቀድሞዎቹ «ኤንትሬ» ፊያቶች ጭነት ይዘው ዳገት ላይ ሲያቃስቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ዛሬ ቱርቦ አለ፤ ስህተቱም ከዚህ ይጀምራል። በስስ አየር ያንኑ ግፊት ለመስጠት ቱርቦው ቀድሞውኑ በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ የቀረው ትርፍ አቅም ጥቂት ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ ያለ በቂ ነዳጅ ግፊት ሲጨመር ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተን ይቀልጣል። ናፍጣ ላይ ፖምፓው ብቻ ሲከፈት ጥቁር ጭስና ከፍተኛ ሙቀት ይመጣል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ዘይቱ፣ ራዲያተሩና የአየር ማቀዝቀዣው ይፈተሹ፤ ቀጥሎ የግፊትና የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠም፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ፍሬኑም አይረሳ፤ ጉልበት ሲጨምር ፍሬን አብሮ አይጨምርም።

ቱርቦ የተወሰደን ያስመልሳል። ከልኩ በላይ የጠየቀው ግን ሞተሩንም እንጀራውንም ያጣል።