የጳጉሜን 5ቱ ሟች

የጣርማበርን ዋሻ አልፌ ወደ ሸዋሮቢት በወረድኩ ቁጥር፣ ፋሽስት የፈለፈለው ይህ ተራራ የራስ አበበ አረጋይን አርበኞች ያስታውሰኛል። እነርሱ በመንዝና በይፋት ሲፋለሙ፣ ብዙዎቹ መንግሥታት የኢጣሊያን ወረራ አጽድቀው ነበር።

አንድ አውስትራሊያዊ ግን አላጸደቀም፤ አርኖልድ ዊንሆልት። ይህ የቀድሞ የምክር ቤት አባል በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አገለገለን። በ62 ዓመቱም አርበኞችን ለመርዳት በተቋቋመው ተልዕኮ 101 ተሰልፎ፣ ጥቂት ሰዎችና አህዮች አስከትሎ ከሱዳን ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጠላት አድፍጦ ገደለው።

ዊንጌትን በስሙ በተሰየመው ትምህርት ቤት እናውቀዋለን። ድሉን ሳያይ የወደቀውን ግን ረሳነው። ውድ አንባቢ፣ ውለታን በድል ብቻ የምንለካ ከሆነ፣ በይፋት ቆላ ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩትንስ በምን እናስባቸዋለን?