ፊት ያላት ዳቦ

ቲክቶክ ላይ ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ከቡናማ ክር የተሠራች፣ በመዳፍ የምትያዝ ድቡልቡል ዳቦ ናት። ሁለት የድመት ጆሮ አላት፤ ሁለት ጥቁር ነጥብ ዐይን ሆኖላታል፤ መሃል ላይ ደግሞ አፍ የምትመስል አንዲት ክር ጣል ተደርጎባታል። ጎረቤቶቿ የጥንቸል ጆሮ ያላት እንጆሪና ጫጩት የመሰለ የተጠበሰ እንቁላል ናቸው። እንዲህ በኪሮሽ ተሠርተው ሆዳቸው የሚሞላ አሻንጉሊቶችን ጃፓኖች «አሚጉሩሚ» ይሏቸዋል። ኪሮሽ መጀመር የፈለገ ሰው «ምን ልሥራ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች ድቡልቡል ነገር ነው የሚያሳዩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዳቦ ትንሽ ቢንጋደድም ያው ዳቦ ነው። ፈረስ ቢንጋደድ ግን ጉድ ነው።

ታሪኳ ግን እንደ መልኳ የሚያስቅ አይደለም። ኪሮሹም፣ ፊት ያለው ምግብም፣ በየፊናቸው በረሃብ ያለፉ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቤታችን እንነሳ። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቡፌው ላይ፣ የሶፋው ጀርባ ላይ ነጭ ዳንቴል ያልተዘረጋበት ሳሎን ብርቅ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ቃሎቹ ራሳቸው የመጡበትን አገር ይናገራሉ። «ኪሮሽ» ሥሩ ፈረንሳይኛ ነው፣ ትንሽ መንጠቆ ማለት። «ዳንቴል»ም ከዚያው ነው፣ ትንንሽ ጥርስ እንደ ማለት፤ የጠርዙን ቅርጽ አይቶ የወጣ ስም ነው።

ሙያው ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ይመስላል አይደል? አይደለም። ሽመና ሺህ ዓመታትን ይቆጥራል። ኪሮሽ ግን፣ በተጨባጭ ማስረጃ ከሄድን፣ ከእንፋሎት ሞተር ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። ሊስ ፓሉዳን የምትባል ዴንማርካዊት ተመራማሪ ሥሩን አውሮፓ ውስጥ ስታስስ ኖራ ከ1800 በፊት ስለመሠራቱ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘችም። የመጀመሪያዎቹ የታተሙ የኪሮሽ መመሪያዎች ተብለው የሚታወቁት ደግሞ በ1823 «ፔኔሎፔ» በተባለ የሆላንድ መጽሔት የወጡት ናቸው። ያኔ የኪሮሽ ሥራ የእውነተኛው ዳንቴል ርካሽ ቅጂ ተደርጎ ይታይ ነበር። በመርፌና በእንዝርት መሰል እንጨቶች የሚሠራው የቬኒስ ዳንቴል የመኳንንት ነው፤ ኪሮሽ ደግሞ አቅሙ ላልፈቀደለት።

ከዚያ 1845 መጣ። አየርላንድ ውስጥ ድንች ላይ በሽታ ገባ። የአየርላንድ ድሃ ገበሬ የሚበላው ድንች ነው፤ ከድንች ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። ማሳው በቀናት ውስጥ ጠቁሮ ይገማል። በሽታው በሚቀጥሉት ዓመታትም ተመላለሰ። በ1841 ቆጠራ ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ስድስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሚሊዮን ያህሉ ሞቷል፤ ከሚሊዮን ያላነሰው ተሰዷል። በዚያው ሰሞን እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም፤ ረሃብ የምግብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ኪሮሽ የገባው እዚህ ላይ ነው። ኮርክ ከተማ አጠገብ ብላክሮክ በሚባል ቦታ የኡርሱሊን መነኮሳት ለልጃገረዶች ያስተምሩ ጀመር። በሰሜን በኩል ክሎንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ካሳንድራ ሃንድ የምትባል የቄስ ሚስት በ1847 ሙያውን አስገባች። ኪሮሽ የተመረጠው በውበቱ አልነበረም፤ ፈጣን ስለሆነ ነው። የመርፌ ዳንቴል ለመልመድም ለመጨረስም ጊዜ ይበላል፤ የተራበ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። ለኪሮሽ የሚያስፈልገው አንድ መንጠቆና ክር ብቻ ነው።

አሠራሩም ብልሃት ነበረው። አንዷ ጽጌረዳውን ብቻ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅጠሉን፣ ሌላዋ የወይን ዘለላውን። በመጨረሻ አንዷ ሰብስባ በቀጭን መረብ ታገጣጥመዋለች። የለንደንና የፓሪስ ወይዛዝርት የቬኒስ ዳንቴል የሚመስል አንገትጌ በቅናሽ አገኙ፤ ሠሪዎቹ ዱቄት ገዙ፣ የቤት ኪራይ ከፈሉ፣ አንዳንዶቹም ለአሜሪካ መርከብ ትኬት አጠራቀሙ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አበባዎቹ ጠፍጣፋ አልነበሩም። ከውስጥ ወፍራም ክር እየተደረገባቸው ያብጡ ነበር። እጅ ሲዳስሳቸው ፍሬ ፍሬ ይላሉ። የኪሮሽ ሥራ ሆድ ማውጣት የጀመረው ለእኔ እዚህ ነው።

«ኪሮሽ አየርላንድን አዳነ» የሚል አባባል አንዳንድ ቦታ ታነባላችሁ። ማጋነን ነው። ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ያዳነው አንዳንድ ቤት ነው፤ ያውም ፋሽኑ እስኪቀየርና ገዢው ዐይኑን እስኪያዞር ድረስ።

አሁን ወደ ሌላኛው ረሃብ፣ ወደ ጃፓን እንሻገር። በኪሮሽ ስለምትሠራው ዳቦ ሲነሳ ያለ እሷ የማይሆን አንዲት እውነተኛ ዳቦ አለች። «አንፓን» ትባላለች፤ ውስጧ ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ሊጥ አለ። ኪሙራ ያሱቤ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ በ1874 ነው የፈጠራት፤ ዳቦ የማያውቀውን ጃፓናዊ በለመደው ጣዕም ሸውዶ ዳቦ አስበላው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1973፣ ታካሺ ያናሴ የሚባል ሠዓሊ ለሕፃናት መጽሐፍ አወጣ። ጀግናው ጭንቅላቱ አንፓን ነው። እየበረረ የተራበ ሰው ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ከራሱ ፊት ቆርሶ ያበላል።

አዋቂዎች ደነገጡ፤ ፊትን ቆርሶ ማብላት ለልጅ የሚነገር ነው ወይ አሉ። ልጆቹ ግን ወደዱት። ያናሴ የተወለደው በ1919 ነው፤ ወታደር ሆኖ ቻይና ዘምቷል፤ እዚያ ረሃብን አይቷል፤ ታናሽ ወንድሙን ጦርነቱ ወስዶበታል። ሲመለስ ያገኘው አገርም የተራበ ነበር፦ በግንቦት 1946 ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ምግብ ጠይቆ ቶኪዮ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ተሰልፏል። ትናንት «ፍትሕ» የተባለው ዛሬ ወንጀል ሲባል ያየ ሰው ነውና የማይገለበጥ ፍትሕ አንድ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ፤ የተራበን ማብላት። አንፓንማን በ1988 ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ያናሴ 69 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የጃፓን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ያናሴ አሚጉሩሚን ፈጠረ እያልኩ አይደለም። አሚጉሩሚ «አሚ»፣ ማለትም በክር የተሠራ፣ እና «ኑይጉሩሚ»፣ ማለትም ተሰፍቶ የተሞላ አሻንጉሊት፣ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተዳቀለ ስም ነው፤ ብዙ እጅ ያለበት ነው። ግን ምግብን ፊት ሰጥቶ መውደድ ጃፓን ውስጥ ሥር ሲሰድ ያ ዳቦ ከፊት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የቀረውን ኢንተርኔት ጨረሰው። ኤትሲ በ2005፣ ራቨልሪ በ2007 ተከፈቱ፤ መንጠቆ የያዘ ሁሉ መመሪያ መለዋወጥና ሥራውን መሸጥ ጀመረ።

እሺ፣ ዳቦዋ እንዴት ትሠራለች? 3 ወይም 3.5 ሚሊሜትር ኪሮሽ ያዙ። ክሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አነስ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ ላላ ካለ የውስጡ ሙሌት ያፈጥባችኋል። የምትጠቀሙት አጭሩን ቋጠሮ ብቻ ነው። በክር ቀለበት ውስጥ 6 ቋጠሮ ሥሩ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፤ 12 ሆነ። በሦስተኛው አንዱ ላይ አንድ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት፤ 18። እንዲህ እያላችሁ በየዙሩ 6 እየጨመራችሁ 36 ድረስ። ለምን 6? ከዚህ ካነሰ ሥራው ጎድጓዳ ይሆናል፣ ከበዛ ጠርዙ ይንዠባበባል፤ በ6 ግን እንደ እንጀራ ተዘርግቶ ይቀመጣል። መጨመር ስታቆሙ ግድግዳው ራሱ ይነሳል። ሦስት ዙር ሳትጨምሩ ሂዱ። ከዚያ ሁለቱን አንድ እያደረጋችሁ በየዙሩ 6 ቀንሱ፤ 12 ላይ ስትደርሱ ሙሉት፣ 6 ላይ ሰብስባችሁ ዝጉ። ዙሩ የት እንደጀመረ እንዳይጠፋችሁ መነሻው ላይ ሌላ ቀለም ክር አድርጉ። ይህን ያልሰማ ጀማሪ ሲቆጥር ያድራል።

ደምሩት፤ 324 ቋጠሮ ነው፣ ጆሮው ሳይቆጠር። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ ዳንቴል የሚመስል ጨርቅም ማሽን ያወጣል። እውነተኛውን የኪሮሽ ቋጠሮ በገፍ የሚያመርት ፋብሪካ ግን የለም። ስለዚህ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በኪሮሽ የተሠራ ቦርሳ በአንድ ምሳ ዋጋ ተሰቅሎ ስታዩ፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው፣ ምናልባትም አንዲት ሴት፣ ቁጭ ብላ እያንዳንዷን ቋጠሮ በእጇ ስባለች። የከፈላችሁትን በሰዓት አካፍሉት። «ይቺን ለምታህል አሻንጉሊት ይህ ሁሉ ብር?» ለሚላችሁ ጓደኛም መልሱ ይኸው ነው፤ ኪሮሹን ስጡትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ይሥራ።

የቀረው ፊቷ ነው። ዐይኖቹን ከመሃል ዝቅ፣ እርስ በርሳቸው ራቅ አድርጓቸው፤ የሕፃን ፊት እንዲያ ነው። አፉን መሃላቸው ጠጋ አድርጉት። ጆሮዎቹን ለየብቻ ሠርታችሁ ከመስፋታችሁ በፊት በስፒል ያዟቸውና ከሩቅ እዩ፤ ትንሽ ሲዛወሩ ድመቷ ድብ ልትሆን ትችላለች። የምትሰጧት ለትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ ዐይን ተዉት፤ በጥቁር ክር ጥለፉላት። ዳቦ ናትና ወደ አፍ መግባቷ አይቀርም።