የጓንት ሰፊው ቤት
ስለ ሼክስፒር የትውልድ ቤትና ስለ አትክልቱ ቦታ

የሼክስፒር ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ ቋንቋችን መልሰውልናል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ድርሰቶቹን ሳይሆን፣ በእንግሊዝ አገር፣ በስትራትፎርድ ከተማ፣ በሄንሊ መንገድ ላይ የሚገኘውንና ዛሬ ሙዚየም የሆነውን የትውልድ ቤቱን ነው። ጥያቄያችን፣ ሙዚየም የሆነ አሮጌ ቤት ለታሪክ ተማሪ ምን ያህል የታመነ ምስክር ሊሆን ይችላል? የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የቤቱን አሠራር እንመልከት። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳውን የያዘው ኦክ ከተባለው ጠንካራ ዛፍ የተጠረበ ወፍራም እንጨት ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ በቀጫጭን እንጨት ተማግሮ በጭቃ ተመርጓል። ማገርና ምርግ ምን እንደ ሆኑ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ መንገር አያስፈልግም። ልዩነቱ የሚታየው ከእግሩ ላይ ነው። በእኛ አገር በተለመደው የጭቃ ቤት አሠራር ቋሚው ጉድጓድ ተቆፍሮለት በመሬት ውስጥ ይተከላል፤ በዚህም ምክንያት እርጥበትና ምስጥ ከሥሩ ይበሉታል። የሄንሊ መንገድ ቤት ግን በዝቅተኛ የድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠ ነው። እንጨቶቹም አንዱ ተቦርቡሮ የሌላውን ጫፍ እየተቀበለ በእንጨት ችንካር ተያይዘዋል። ስለዚህ አንዱ እንጨት ሲበሰብስ እርሱ ብቻ ወጥቶ ሌላ ሊተካለት ይችላል። ቤቱ ከ4 መቶ ዓመት በላይ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር የጽሑፍ ማስረጃው ነው። የደራሲው አባት ጆን ሼክስፒር ቆዳ እያለሰለሰ ጓንት የሚሰፋ ባለ እጅ ነበር። በ1552 በሄንሊ መንገድ ላይ ፍግ ከምሯል ተብሎ 12 ፔንስ መቀጫ ተፈረደበት። በዚያን ጊዜ በዚህ መንገድ ይኖር እንደ ነበር ያረጋገጠልን ይህ የፍግ ክምር ነው። በ1556 ደግሞ በዚሁ መንገድ አንድ ቤት ከነአትክልቱ ቦታ ገዛ። ልጁ ዊልያም አፕሪል 26 ቀን 1564 ክርስትና መነሣቱ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ተጽፏል። መዝገቡ ግን የጥምቀቱን ቀን እንጂ የተወለደበትን ክፍል አይናገርም። ዛሬ በላይኛው ፎቅ «የተወለደበት ክፍል ይህ ነው» ተብሎ ለጎብኚ የሚታየው ክፍል የተለየው በልማድ ነው። ስለዚህ ጎብኚው መዝገብ የሚመሰክረውንና ልማድ የሚለውን ለያይቶ መያዝ ይገባዋል።

ሦስተኛው ነገር ቤቱ ያሳለፈው ለውጥ ነው። ጆን በ1601 ሲሞት ቤቱ ለዊልያም ደረሰ፤ ከፊሉም እየተከራየ የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ዊልያም በ1616 ሲሞት ቤቱን ለልጁ ለሱዛና አወረሰ፤ እኅቱ ጆአን ሃርትም በአንደኛው ክፍል መኖሯን እንድትቀጥል ተናዘዘ። ቤቱ እስከ 1806 በዘመድ እጅ ቆይቶ ለአንድ ሥጋ ሻጭ ተሸጠ። በዚያ ዘመን ግማሹ ሥጋ ቤት፣ ግማሹ መጠጥ ቤት ነበር፤ የመጠጥ ቤቱ ግንባርም በጡብ ተሸፍኖ ነበር። በ1847 ለጨረታ በቀረበ ጊዜ፣ ባርነም የተባለው አሜሪካዊ የትርኢት ነጋዴ ነቅሎ ወደ አገሩ ሊወስደው ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ሕዝቡም ገንዘብ አዋጥቶ በ3,000 ፓውንድ ገዛው፤ ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ገንዘቡን ለማሰባሰብ ከደከሙት አንዱ ነው።

ከ1857 እስከ 1864 በተደረገው እድሳት ጡቡ ተነሣ፤ የቤቱም ግንባር በ1769 የታተመ ሥዕል እየታየ እንደገና ተሠራ። እሳት እንዳይዛመት ተብሎ በግራና በቀኝ የነበሩት የጎረቤት ቤቶች ፈረሱ። ስለዚህ ዛሬ ለብቻው ቆሞ የሚታየው ቤት ሼክስፒር በሕፃንነቱ ያየው መልክ የለውም፤ በእርሱ ዘመን በተርታ ከተያያዙት የመንገዱ ቤቶች አንዱ ነበርና።

የአትክልቱም ቦታ እንደዚሁ ነው። ዛሬ በደራሲው ድርሰቶች ውስጥ ስማቸው የሚነሣ አበቦችና ዛፎች ተተክለውበት ይታያል፤ በዚህ አሳብ የተዘጋጀው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት እድሳት ጊዜ ነው። በሐምሌት ውስጥ ኦፊልያ ከምታድላቸው ዕፀዋት መካከል የጥብስ ቅጠል፣ እንስላልና የጤና አዳም ወገን የሆነው ቅጠል ይገኙበታል። እነዚህ በእኛም ጓሮ የሚበቅሉ ስለ ሆኑ ኢትዮጵያዊው ጎብኚ እንደ ዘመድ ያያቸዋል። ሆኖም ይህ አትክልት የሚያስረዳን ኋለኛው ትውልድ ደራሲውን እንዴት እንዳከበረው ነው፤ የጓንት ሰፊው ጓሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ከእርሱ ልንማር አንችልም።

እንግዲህ ቤቱ ሦስት ዘመን ያለበት መጽሐፍ ነው ለማለት ይቻላል። እንጨቱ የ16ኛው፣ ግንባሩና ብቸኝነቱ የ19ኛው መቶ ዓመት፣ የተወለደበት ክፍል ደግሞ የልማድ ነው። እያንዳንዱን በየዘመኑ ለሚያነብ ተማሪ ቤቱ የታመነ ምስክር ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ለሚቀበል ግን ያሳስታል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካናል። ጆን ሼክስፒር ቆዳ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ በ1568 ለከተማው የበላይ ሹምነት በቃ። በእኛ አገር ግን ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ አፄ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። የንጉሠ ነገሥቱ የእንጨትና የጭቃ ቤተ መንግሥት በእንጦጦ ተጠብቆ ይታያል። የሸማኔው፣ የአንጥረኛውና የቆዳ ሠራተኛው ቤት ግን ማን ለካው? ማንስ ሣለው? በ2024 በአዲስ አበባ በፒያሳ አካባቢ ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈርሰዋል።

ሁሉን ቤት ሙዚየም ማድረግ አይቻልም፤ ይህን ማንም አይጠይቅም። ነገር ግን የሄንሊ መንገድን ቤት ለማደስ የተቻለው አንድ ሰው በ1769 ስለ ሣለው፣ የባለቤቱም ታሪክ የታወቀው የከተማው ጸሐፊ የ12 ፔንስ መቀጫ ሳይንቅ ስለ መዘገበ ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የታሪክ ተማሪ ሜትርና ወረቀት ይዞ፣ አሮጌው የጭቃ ቤት ሳይፈርስ ቁመቱንና ስፋቱን ቢለካ፣ የማገሩን አጣጣል ቢሥል፣ ማን እንደ ሠራውና ማን እንደ ኖረበት ከሽማግሌዎች ጠይቆ ቢጽፍ፣ ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ምስክርነቱ ይተርፋል። በኮሌጃችን የምንገኝ ተማሪዎች ይህን ሥራ እያንዳንዳችን ከምንኖርበት ሰፈር ልንጀምረው እንችላለን።