ሕንፃን አንድ ጊዜ መግለጽ፦ የኮምፒዩተር ሞዴል አመጣጥና ለትምህርት ያለው ፋይዳ

የሕንፃ ፕላን በወረቀት ላይ ብቻ ይነሣ በነበረበት ዘመን ለግንባታ መጓተትና ለወጪ መናር ምክንያት ከሆኑት ችግሮች አንዱ፣ ያንኑ ነገር በተለያዩ ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የመሣል ግዴታ ነበር። የአንድ ግድግዳ ውፍረት በወለሉ ፕላንም በቁመት ቁርጡም ላይ ይሠፍራል። ልኩ በአንዱ ወረቀት ታርሞ በሌላው ከተረሳ፣ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ግንበኛው ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማረሚያው ላጲስ ሳይሆን መዶሻ ይሆናል።

ይህን ችግር ከሥሩ ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል አሜሪካዊው ቻርልስ ኢስትማን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ በሥዕል ፈንታ ኮምፒዩተር እንዲሠራበት ሐሳብ አቀረቡ። በእርሳቸው አሠራር እያንዳንዱ የሕንፃ ክፍል ከነቅርጹና ከነቦታው አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል፤ ፕላኑም፣ ቁርጡም፣ የዕቃው መጠንም ከዚያው መዝገብ ይወጣሉ። ከዚህ ቀደም ኢቫን ሳዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በኮምፒዩተር ገጽ ላይ መንደፍ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በኢስትማን አሠራር ግን መሥመሩ መሥመር መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ በሥራ ላይ እስኪስፋፋ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። የመጀመሪያው መሰናክል የመሣሪያው ውድነት ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግል ኮምፒዩተር ሲስፋፋና በ1982 ቡዳፔስት ላይ እንደ ተቋቋመው ግራፊሶፍት ያሉ ድርጅቶች ፕሮግራሞችን ሲያዘጋጁ እየተቃለለ ሄደ። ሁለተኛው መሰናክል የስምምነት ጉድለት ነው፤ በአንዱ ፕሮግራም የተሠራው ሞዴል በሌላው በሚገባ አይነበብም ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት፣ በዚህ የመረጃ ልውውጥ ጉድለት ምክንያት የአገሪቱ የንግድ፣ የተቋማትና የኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ዘርፍ በዓመት 15.8 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያጣ ገመተ። የጋራው መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። የብሪታንያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስልት፣ ማዕከላዊው መንግሥት የሚያሠራቸው ግንባታዎች እስከ 2016 ድረስ በዚህ ዘዴ እንዲዘጋጁ ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና ፕላን አውጪዎች የሚቀስሙት ትምህርት አለ። ሞዴሉ የውኃ ቱቦና የኮንክሪት ቢም የሚጋጩበትን ስፍራ ሥራው ሳይጀመር ያመለክታል፤ መዛወር ያለበት የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ግን ዕውቀት ያለው ሰው ነው። ስለሆነም የቴክኒክ ተማሪ ፕሮግራሙን ከማንቀሳቀስ አስቀድሞ ቁርጥን ማንበብ፣ መጠንን ማስላት፣ ሌላው ባለሙያ የሚሠራበትን መረጃ በትክክል መመዝገብ ሊማር ይገባዋል። መሣሪያው ተገዝቶ የጋራ ደንቡና ሥልጠናው ከተጓደለ፣ የወረቀቱ ስሕተት በኮምፒዩተር ይደገማል እንጂ አይወገድም።